ሳይሄዱ የቀሩት

«የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይላል ያገራችን ሰው። ደግ ተረት ነው፤ ለእርሻም፣ ለዳኝነትም፣ ለሽምግልናም ያገለግላል። ወደ መምህርነት ሲመጣ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። እኔ ባደግሁበት በነገሌ ቦረና ፊደል ያስቆጠሩን፣ ሒሳብ ያሰሉን፣ እንግሊዝኛ ያስነበቡን ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የሌላ አገር በሬዎች ነበሩ። ከይርጋለም፣ ከሶዶ፣ ከአሰላ፣ ከደሴ፣ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። መስከረም ላይ አቧራ ለብሰው ከአውቶቡስ ይወርዳሉ፤ ሰኔ ላይ የዝውውር ወረቀታቸውን ይዘው በዚያው አውቶቡስ ይሳፈራሉ። ለምደነው ነበር። አዲስ መምህር መጣ ሲባል እርስ በርሳችን የምንጠያየቀው ስለ ጉብዝናው አልነበረም፤ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ነበር።

ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ይኸንኑ የመቆየት ነገር ነው። ስለ ፋና ወጊ ሴቶች ስንጽፍ «የመጀመሪያዋ» የምትለውን ቃል አጥብቀን እንወዳለን። የመጀመሪያዋ ባለ ዲግሪ፣ የመጀመሪያዋ ርዕሰ መምህርት፣ የመጀመሪያዋ የፓርላማ አባል… ጥሩ ነው፤ መታወቅ አለበት። ዳሩ ግን ቀድሞ መድረስ አንድ ነገር ነው፤ ደርሶ መቆየት ሌላ። ከሁለቱ የትኛው የአንዲትን ሴት ልጅ ዕድል እንደሚለውጥ ቆላ አገር ያደገ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል።

* * *

ነገሌን ያላየ አንባቢ ይኖራልና ጥቂት ልበል። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ክብረ መንግሥትንና ዋደራን አልፈው ደኑ እየሳሳ፣ መሬቱ እየቀላ፣ ግራሩ እየበዛ ሲመጣ፣ ግመሎችም ተሰልፈው መንገድ ሲያቋርጡ ሲያዩ ተቃርበዋል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ ይወርዳል። ወደ ምዕራብ ሲሉ ደግሞ እነ ያቤሎ፣ ሜጋና ሞያሌ አሉ። ቦረናው፣ ጉጂው፣ ሶማሌው፣ ከደጋ የወረደው ነጋዴና ጡረታ የወጣ ወታደር በአንድ ገበያ የሚገናኙባት አገር ናት።

ኢትዮጵያ ሁሉ ነገሌን የሚያውቃት ግን በአንድ ታሪክ ነው። በጥር 1966 ዓ.ም. እዚያ የሠፈረው ጦር ስለ ምግብና ስለ ውኃ አምርሮ አመፀ፤ አዛዦቹን አሠረ፤ ሊያነጋግሩት የተላኩትን ጄኔራልም ያዘ። አብዮቱ የፈነዳው ከዚያ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ነገሩን ከፖለቲካው ለይቼ ሳየው ሌላ ነገር ይታየኛል። ነገሌ የመላኪያ ቦታ ነበረች። ወታደሩ ይላክባታል፤ ጸሐፊው ይላክባታል፤ ዳኛው ይላክባታል፤ መምህሩም ይላክባታል። የተላከ ሰው ደግሞ ቀን ይቆጥራል።

መምህራን በየዘመኑ ወደ ክፍላተ ሀገር ተልከዋል። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት አገራችን ገቡና በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ገጠር ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደረገ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ። የማንኛቸውንም ውለታ መካድ አይገባም፤ በየከተማው «እገሌ ያስተማረኝ» የሚል ሽማግሌ ዛሬም አለ። ይሁን እንጂ ሁሉም ሲመጡ የሚሄዱበት ቀን ተቆርጦላቸው ነበር። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት… ከዚያ ደኅና ሁኑ ነው።

ልኬ ሳይባል የመጣ፣ ሂድ እየተባለም የቀረ መምህር ይኖር ይሆን? ይህን ስጠይቅ ነው ከወይዘሮ ሚኞን ፎርድ ጋር የተዋወቅሁት።

* * *

ስማቸውን የሰማሁት በልጃቸው በኩል ነው። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ለያዝን ሰዎች ፕሮፌሰር አብይ ፎርድ እንግዳ አይደሉም። በዋሽንግተን ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ፊልም አስተምረው፣ ወደ ተወለዱባት አዲስ አበባ ተመልሰው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ቤት የመሩ፣ በ2010 ዓ.ም. ያረፉ ምሁር ናቸው። «ፎርድ የሚባል ኢትዮጵያዊ ከየት መጣ?» ብዬ መጠየቄ እናታቸው ዘንድ አደረሰኝ።

ወይዘሮ ሚኞን ኢኒስ የተወለዱት በካሪቢያን ባሕር ባርቤዶስ በምትባል ደሴት እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። በወጣትነታቸው ወደ ኒው ዮርክ ተሻግረው በጥቁሮች መንደር በሃርለም ኖሩ። ያ ዘመን ማርከስ ጋርቬይ «ወደ አፍሪካ እንመለስ» እያለ ሕዝቡን ያነሣሣበት ዘመን ነው። የኢትዮጵያ ስም ለሃርለም ጥቁሮች ከአገር ስምም በላይ ነበር፤ ነጭ ያልገዛው ጥቁር መኖሩን የሚያስረዱበት ማስረጃቸው ነበር። አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አሜሪካ በሄዱ ጊዜ ሙያ ያላቸው ጥቁሮች መጥተው ኢትዮጵያን እንዲያገለግሉ ጥሪ አስተላለፉ።

ጥሪውን ከሰሙት አንዱ አርኖልድ ጆሳያ ፎርድ የተባሉ፣ እንዲሁ ባርቤዶስ የተወለዱ ሙዚቀኛ ነበሩ። በጋርቬይ ድርጅት ውስጥ የሙዚቃ ኃላፊ የነበሩ፣ በኋላም በሃርለም የጥቁር አይሁዳውያን ጉባኤ የሚመሩ ሰው ናቸው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በተከበረበት ጊዜ ግድም አዲስ አበባ ገቡ። ሚኞን ደግሞ ከሌሎች ጋር በ1923 ዓ.ም. ተከትለው መጡ፤ ከአርኖልድ ፎርድም ጋር ትዳር መሠረቱ።

አገሩ ግን እንዳሰቡት አልቆያቸውም። የዓለም ኢኮኖሚ በተናጋበት ዘመን ሥራ ጠፋ፤ የመሬቱ ተስፋም እንደታሰበው አልሆነ። አብረው ከመጡት አብዛኞቹ እየተመለሱ ሄዱ። በላዩ ላይ የጣሊያን ጦር ሊገባ በተቃረበበት በእ.ኤ.አ. 1935 አርኖልድ ፎርድ ሞቱ። ወይዘሮ ሚኞን ሁለት ሕፃናት ወንዶች ልጆች ይዘው፣ ዘመድ በሌለበት አገር፣ በጦርነት ዋዜማ ላይ ብቻቸውን ቀሩ።

እዚህ ላይ ማንም ቢሆን «በቃ፤ ወደ መጡበት ይመለሱ» ይላል። እርሳቸው አልተመለሱም። አምስቱን የጠላት ዘመን፣ የጥቁርና የነጭ መኖሪያ በዘር አዋጅ በተለየባት አዲስ አበባ፣ ልጆቻቸውን ይዘው አለፉት።

ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ አገሪቱ ከሁሉ ይልቅ ያጣችው የተማረ ሰው ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ ፋሽስቶቹ ወጣቱን ምሁር እየለቀሙ ፈጅተውት ነበርና። ወይዘሮ ሚኞን በዚህ ጊዜ ትምህርት ቤት ከፈቱ። እያደገ ሄዶም በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም ተሰየመ። ልዕልቲቱ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ናት፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ተድራ ወደ መቀሌ ሄዳ፣ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳትቆይ በመጋቢት 1925 ዓ.ም. ያረፈች ልጅ። ይህን ስም ሳስብ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይገርመኛል። በልጅነቷ የተዳረች፣ በልጅነቷም የሞተች ልጅ ስም ልጆች የሚማሩበት ቤት በር ላይ ተጻፈ። የታሰበበት ይሁን የአጋጣሚ፣ ለእኛ ለቆላ ሴቶች የሚናገረው አለው።

ወይዘሮ ሚኞን ፎርድ በ1987 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። በኢትዮጵያ የኖሩት ከስድሳ ዓመት በላይ ነው።

* * *

እኒህ ሴት ብቻቸውን የበቀሉ አይደሉም። ከኋላቸው ረጅም የእናቶች መስመር አለ፤ እስቲ ጥቂቶቹን እንቁጠር።

በአሜሪካ በብዙ የደቡብ ግዛቶች ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማር በሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር። በዚያ ዘመን በ1837 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፋኒ ጃክሰን በባርነት ተወለደች። አክስቷ ከደመወዟ አጠራቅማ በ125 ዶላር ነጻነቷን ገዛችላት። ፋኒ ኦሃዮ ውስጥ ኦበርሊን ኮሌጅ ገብታ በ1865 ተመረቀች። ጥቁር ሴት በባችለር ዲግሪ የመመረቅን በር ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው ኦበርሊን የከፈተችው ሜሪ ጄን ፓተርሰን ነበረች። ፋኒ ግን በኮሌጅ ሳለችም ከባርነት ለወጡ ጎልማሶች የማታ ትምህርት ትሰጥ ነበር። በኋላ በፊላዴልፊያ የአንድ ታዋቂ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ሆና ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠራች። ከእጇ የወጡት በአብዛኛው መምህራን ነበሩ። እነርሱም በፈንታቸው ወደየአገሩ ተሰማርተው አስተማሩ። አንዲት መምህርት ሌላ መምህር ካፈራች ሥራዋ ከእርሷ በኋላም አይቆምም፤ ፋኒ የገባት ይኸ ነው።

አና ጁሊያ ኩፐርም በ1858 በባርነት የተወለደች ናት። በዋሽንግተን ለጥቁሮች ልጆች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርትና ርዕሰ መምህርት ሆና ኖረች። እናታቸው የሞተችባቸውን አምስት የዘመድ ልጆች አምጥታ እያሳደገች፣ እያስተማረችም፣ በ1925 ከፓሪስ ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪዋን ተቀበለች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 66 ነበር። «ልጅ ወልጄ፣ ቤት ይዤ፣ እንዴት ልማር?» የምትለዋ የኛ አገር ሴት ይህችን ብታውቃት ምንኛ ደስ ባለኝ።

ሦስተኛዋ ሜሪ ማክሊዮድ ቤቱን ናት። ከባርነት የወጡ ወላጆች ከወለዷቸው 17 ልጆች አንዷ ስትሆን፣ በወጣትነቷ ወደ አፍሪካ ሄዳ ለማስተማር አመልክታ ነበር። የሚሲዮኑ ቦርድ ለጥቁር የሚሆን ቦታ የለም ብሎ መለሳት። በ1904 በፍሎሪዳ ዴይቶና በምትባል ከተማ በአንድ ዶላር ተኩልና በአምስት ሴት ልጆች ትምህርት ቤት ጀመረች። ወንበሩ የተጣለ ሣጥን ነበር፤ ቀለሙ ከዱር ፍሬ የተጨመቀ። የስኳር ድንች ኬክ እየጋገረች እየሸጠች አቆመችው፤ ዛሬ በስሟ የሚጠራ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። አፍሪካ የተከለከለችው ቤቱን በአገሯ ሠራች፤ ከአንድ ትውልድ በኋላ ማንም ሳይፈቅድላትም ሳይከለክላትም ሚኞን አፍሪካ ገባች።

የሦስቱም ሕይወት አንድ የጋራ ነገር አለው። ከተማሩ በኋላ ከወገናቸው ርቀው አልተቀመጡም፤ ሥራቸውም ለአንድ ዓመት በጎ ፈቃድ አልነበረም፤ ዕድሜ ልክ ነበር።

በኛም አገር ይህን የመሰሉ አልጠፉም። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በስዊዘርላንድ ተምረው መጥተው፣ ጦርነት ውለው፣ በጣሊያን አዚናራ ደሴት ታሥረው፣ ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው። በ1950 ዓ.ም. በሕዝብ ተመርጠው ፓርላማ ስለመግባታቸው ሁሉ ያነሣዋል። በክፍልና በቢሮ ስላሳለፏቸው ዓመታት ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

* * *

ነገሩን ከማሳመር ለመዳን አንድ መራራ እውነት መጨመር አለብኝ። የባሪያ ልጅ ልጆች የሆኑት የሃርለም ሰዎች «የነጻነት ምድር» ብለው በመጡባት ኢትዮጵያ ባርነት ያን ጊዜ ጨርሶ አልጠፋም ነበር። የሚያግዱ አዋጆች ቢወጡም ጭራሹን የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሲሸጡ ከነበሩትም ብዙዎቹ የኛው የደቡብና የምዕራብ ልጆች ነበሩ። ወይዘሮ ሚኞን ይህ በነበረበት አገር ነው ለመቅረት የቆረጡት። ያሰቡት አገር ሳይገኝ ሲቀር ያገኙትን አገር ማስተማር ያዙ። ለእኔ ትልቅነታቸው እዚህ ላይ ነው። እንከን የሌለው ቦታ እስኪገኝ የሚጠብቅ መምህር የትም አያስተምርም። ነገሌም አያስተምር፣ ሃርለምም አያስተምር።

* * *

ወይዘሮ ሚኞን ነገሌ ድረስ አልመጡም። እኛ ግን የራሳችን አንዲት ነበረችን፤ ስማቸውን እንዳልጽፍ ጠይቀውኛልና አልጽፍም።

ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጡ በ1970ዎቹ መጨረሻ የመጡ የይርጋለም ሴት ናቸው። ሁለት ዓመት ሊቆዩ ነበር የመጡት። በ1980ዎቹ አጋማሽ ትምህርቱ በኦሮምኛና በቁቤ ሲሆን ከደጋ የመጡት መምህራን አብዛኞቹ ዝውውር ጠይቀው ሄዱ። እርሳቸው ደብተር ገዝተው ከአንደኛ ክፍል ልጆች ጋር ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ቁቤ ቆጠሩ። ቋንቋውን ሲሳሳቱ ልጆቹ ይስቁ ነበር፤ እርሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር አሉ። እኔ ተማሪያቸው ስሆን «ባርሲስቱ» ነበር የምንላቸው፤ መምህርት ማለት ነው። ዘዬአቸው እስከ መጨረሻው የይርጋለም እንደሆነ ቀረ፤ ቤታቸው ግን ነገሌ ሆነ።

በኛ አገር ለሴት ልጅ ዋናው ጉዳይ ርቀት ነው። ከመልካ ጉባ በኩል፣ ከዳዋ ወንዝ ማዶና ወዲህ፣ ያለች ልጅ ከፍ ወዳለው ክፍል ስትዛወር ከተማ ገብታ ቤት መከራየት አለባት። ወንዱ ሦስትና አራት ሆኖ ይከራያል። ሴቷን ግን የትኛው አባት ለብቻዋ ይለቃታል? ስለዚህ ሰባተኛና ስምንተኛ ላይ ወንበሮቹ እየሳሱ ይሄዳሉ።

አንድ ቀን እናቴ ከሰል እንድበደር ልካኝ ባርሲስቱ ቤት ገባሁ። አንድ የቦረና ሽማግሌ፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሴት ልጃቸው ቆማለች። ንግግሩ ባለቀበት ላይ ነው የደረስሁት።

«ያስተማሯት ሁሉ ሄደዋል» አሉ ሽማግሌው። «አንቺስ እስከ መቼ ነሽ?»

«አባቴ፣ እኔ የምሄድበት የለኝም። ቤቴ ይኸው ነው» አሉ ባርሲስቱ።

ሽማግሌው ቤቱን ዞር ብለው አዩ። ግቢውን፣ ጓሮ የበቀለውን ፓፓያ፣ ከኋላ ያለችውን የቆርቆሮ ሰርቪስ… ሁሉንም አዩ። ፓፓያው ፍሬ ይዞ ነበር። ከዚያ «እንግዲያስ ትቀመጥ» ብለው ተነሡ። ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ሴቶች እኩልነት የተነገረ አንዲት ቃል አልሰማሁም። ሽማግሌውን ያሳመናቸው የፓፓያው ዛፍ ይመስለኛል። ፓፓያ የተከለ ሰው ቶሎ አይሄድም።

በዚያች ሰርቪስ ውስጥ በተለያየ ጊዜ ብዙ ልጆች አልፈዋል። ሁሉም አልተሳካላቸውም፤ ግማሹ መሀል ላይ ተድሯል። የዚያች ቀን ልጅ ግን ጨርሳ፣ መምህርነት ሠልጥና፣ ዛሬ በዋደራ መንገድ ባለች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ታስተምራለች። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» የሚባለው እንግዲህ አሁን ገና እውነት ሆነ፤ መጀመሪያ ግን አንዲት የሌላ አገር ሰው መቅረት ነበረባት።

* * *

«ያ ድሮ ነው፤ ዛሬ ስንት ነገር ተለውጧል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ቡሌ ሆራ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በልጅነቴ ይህ የማይታሰብ ነበር። ዳሩ ግን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሲከዱን ቦረና ከብቱን ጨረሰ። ከብት ሲያልቅ ቀድሞ ከትምህርት ቤት የሚወጣው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ውኃው ሲርቅ ጀሪካኑ ሴት ልጅ ጀርባ ላይ ይወጣል፤ ችግሩ ሲጠና ጋብቻው ይፈጥናል። በዚህ ጊዜ ከአባትየው ጋር ቁጭ ብሎ «ልጅቱን እኔ ጋ ይተዉልኝ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሊል የሚችለው ደግሞ አባትየው ቤቱን የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። ትናንት ተልኮ ነገ የሚሄድ መምህር፣ የቱን ያህል ደግ ቢሆን፣ ይህን አይችልም።

ስለዚህ አዲስ ትምህርት ቤት ሲመረቅ፣ ሪባን ሲቆረጥ፣ እኔ ሌላ ነገር እፈልጋለሁ። የመምህርቷ ቤት የት ነው? ቧንቧው ስንት እርምጃ ይርቃል? አሥር ዓመት ለቆየች መምህርት ከተዘዋወረችው የተሻለ ምን ተደረገላት? ለወረቀት የማይመቹ ጥቃቅን ጥያቄዎች ናቸው። ግን የፋኒ ጃክሰን አክስት 125 ዶላርም፣ የቤቱን የድንች ኬክም እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ነበሩ።

የመጀመሪያዎቹን ታሪክ ይመዘግብልናል። ሳይሄዱ የቀሩት ግን ስማቸው ያለው በደመወዝ መክፈያ ሊስትና በጡረታ ደብተር ላይ ነው፤ ወረቀቱ ሲያረጅ እሱም ይጠፋል። እርስዎም አንባቢ፣ በሞያሌ ይሁን በያቤሎ፣ በጎንደር ይሁን በመርካቶ፣ አንዲት እንዲህ ያለች መምህርት አያጡም። በሕይወት ካሉ ሄደው ይጠይቋቸው። ካለፉም ለልጆችዎ ስማቸውን ይንገሩ።